ጀነሬተሩን ለጸሎት ያጠፉብኝ ቅዳሜ

ይሄን ነገር ሳወራ ሰው ይስቃል። ሳቁ፣ ግድ የለም። አሁን እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ፊቴ ቆሞ የሳቀ ሰው ቢኖር ጥርሱን አርግፌለት ዛሬ ይሄን የምጽፍላችሁ ከእስር ቤት ነበር።

ኤፍሬም እባላለሁ። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ታቦር ሰፈር ነው ያደግኩት። ትምህርቴ አስረኛ ላይ ቆመ። ደብተሬ ጥግ ላይ የሒሳብ አስተማሪያችንን በየገጹ ትንሽ ትንሽ እየቀያየርኩ ስዬው ነበር። ገጹን በአውራ ጣት ለቀቅ ለቀቅ ስታደርገው ሰውዬው አፉን ይከፍታል፣ ይከፍታል፣ ይከፍታል፣ ከዚያ ያስነጥስና ጥቁር ሰሌዳውን ይገለብጠዋል። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። አስተማሪው አልሳቀም። ወላጅ አምጣ ተባልኩ፣ እማዬን ማምጣት አፈርኩና በዚያው ቀረሁ። እንዲህ በማይረባ ነገር ነው የተማረ ሰው ሳልሆን የቀረሁት።

አኒሜሽን የተማርኩት በስልክ ነው። የሚያስተምረው ፈረንጅ ምን እንደሚል አይገባኝም፣ እኔ የማየው እጁን ነው። የት ጋ ነካ፣ ምን ተከፈተ፣ ምን ተንቀሳቀሰ፣ በቃ። ታዲያ ሰው "ሥራህ ምንድነው?" ሲለኝ "አኒሜሽን" እላለሁ። "እሱስ ይሁን፣ ሥራህስ?" ይለኛል። ስንቱን ሰው በዚህ ምክንያት ሰላም ማለት እንዳቆምኩ!

የምሠራው ፊልም ስለ አንድ አባ ኮዳ ነው። አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ ሄዳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፦ አንገቱ ላይ ከረጢት የሚያንጠለጥለው፣ መላጣው፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ መስሎ ቆሞ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርለት የሚጠብቀው ትልቅ ወፍ። የእኔን "አቶ ቆሜ" አልኩት። አቶ ቆሜ ዕድሜ ልኩን የሰው ትርፍራፊ ሲለቅም ኖሮ አንድ ቀን "ዛሬ የራሴን ዓሣ አጠምዳለሁ" ብሎ ይነሳል። ታሪኩ ይሄው ነው። ልጆቻችን ዓይናቸውን ከገለጡ ጀምሮ የሚያዩት የሰው አገር ካርቱን ነው። ትርፍራፊ ነው። ሐዋሳ ላይ የራሳችን የካርቱን ቤት እከፍታለሁ፣ ልጆች አቶ ቆሜ ያለበት ከነቴራ ለብሰው ይሄዳሉ ብዬ ነበር የማስበው። ለሰው ስናገረው እብደት ይመስላል። ጓሮ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሳስበው ግን አይመስልም።

የአቶ ቆሜ ድምፅ ጓደኛዬ ታምራት ነው። ታምራት ባጃጅ ነው የሚሠራው። ሲጋራ ሳያጨስ የሚያጨስ ሰው ድምፅ አለው። ተሳፋሪ ጭኖ እንኳ በአቶ ቆሜ ድምፅ ነው ሂሳብ የሚጠይቀው።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የልጆች ፕሮግራም አላቸው። ማናጀሯን ወይዘሮ ሂሩትን ስለምናት ከርሜ በመጨረሻ እሺ አለችኝ። "ልጆቹ ቁጭ ብለው ካዩልህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ያንተ ነው። ካላዩልህ ግን ሁለተኛ በሬን እንዳታንኳኳ" አለች። በሌላ በኩል ደግሞ ዲላ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሜ ዳዊት አለ። ኮምፒዩተሩን የገዛልኝ እሱ ነው፣ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ትከፍትበታለህ ብሎ። አሞራ ስሠራበት እንደከረምኩ ሲሰማ ደወለ። "ቅዳሜህን እይ። ካልሆነ ሰኞ መጥቼ ኮምፒዩተሩንም አንተንም ጭኜ ነው የምመለሰው" አለኝ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዳዊት ቀልድ አያውቅም።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ያለዚያ ንዴቴ አይገባችሁም። አኒሜሽን ሠርተህ ስትጨርስ አላለቀም። ያኔ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን ምስል ቀለም፣ ብርሃን፣ ጥላ እያለበሰ ያወጣታል። ሬንደር ይባላል። የእኔው አሮጌ ማሽን ላይ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ምስሎቹን ለየብቻ እያስቀመጡ መሄድ ነው፤ መብራት ቢጠፋ የወጣው ወጥቷል፣ ከቆመበት ትቀጥላለህ። ግን ቦታ ይበላል። ሁለተኛው በቀጥታ አንድ ቪዲዮ አድርጎ ማውጣት ነው። ይሄኛው ቦታ አይፈልግም፣ ግን መሐል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ አይከፈትም። የተሠራውም ያልተሠራውም እኩል አፈር ይበላል። እኔ ደግሞ ዲስኬ እስከ አፉ ሞልቷል። ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የሠራሁትን ረቂቅ ሁሉ አንዱንም አላጠፋም። የአቶ ቆሜ የመጀመሪያ እግር እንኳ አለ፣ የዶሮ እግር የሚመስለው። ማጥፋት አልችልም በቃ።

ዓርብ ማታ በቪዲዮ መንገድ አስነስቼ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ስነሳ ታቦር በሙሉ ጭጭ ብሏል። ፋይሉም አብሮ ሄዷል።

ታምራት በጠዋት ባጃጁን እያንጫጫ መጣ።

"አቶ ቆሜ በስሎ ወጣ ወይስ ጥሬ ነው?"

"ሞቷል።"

"ኧረ ባክህ! ፕሮግራሙ እኮ ዛሬ አስር ሰዓት ነው።"

"እኔ መች ጠፋኝ? ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?"

ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ በታምራት ገመድ አስረን ልንጭን ስንል እማዬ ከቤት ወጣች። "የት ልትወስዱት ነው?"

"መብራት ያለበት።"

"የት አለና? ከተማው ሁሉ ጠፍቷል።" ትንሽ አሰበችና፣ "ቸርች ዛሬ መዘምራኑ ይለማመዳሉ። ጀነሬተር አላቸው።"

"እማዬ፣ ቸርች ከሄድኩ ስንት ዘመኔ! በምን ዓይኔ?"

"ለጌታ ነው የሄድኩት አትበል። ለመብራት ነው በል። ውሸት ከምትናገር እሱ ይሻላል።"

ሄድን። በሩ ላይ ጋሽ ጴጥሮስን አገኘነው። የመዘምራኑ መሪ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅዳሜም ሱፍ የሚለብስ ሰው። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምረኝ ነበር።

"ኤፍሬም! ጌታ ይመስገን! መጣህ!"

"ጋሼ፣ ሶኬት ፈልጌ ነው። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ።"

ሁሉን ነገር ነገርኩት። ሆቴሉን፣ ዳዊትን፣ ሰኞን። ሰማኝና ወደ ጓሮ ተጣራ፣ "ዱካሞ! ዛሬ ቤንዚን ሙላት፣ እንግዳ አለን።" ጋሽ ዱካሞ ዘበኛው ነው። አማርኛውን ቆጥቦ የሚናገር ሽማግሌ ነው፣ ጀነሬተሯን እንደ ጥጃ ነው የሚንከባከባት።

መዘምራኑ ከሚጫወቱበት ኪቦርድ ኋላ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ማሽኑን ዘረጋሁ። ታምራት ጆሮዬ ሥር መጣ።

"ዛሬስ ለየብቻ አድርገው። ቢቋረጥ እንኳ እንዲተርፍ።"

"ዲስኩ ሞልቷል አልኩህ።"

"የዶሮ እግሩን አጥፋዋ!"

"አላጠፋም። ደግሞ ይሄ ጀነሬተር ነው ታምሬ። ቤንዚን እስካለው ማን ያጠፋዋል?"

ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ልምምዱ ተጀመረ። አንዱን መዝሙር ስንቴ እንደደገሙት እግዜር ይወቀው፤ አሁን ተኝቼም እዘምረዋለሁ። በእረፍት ሰዓት መዘምራኑ መጥተው ስክሪኑን ከበቡት። አንዷ ቀጭን ድምፅ ያላት ዘማሪ፣ "እንዴ፣ ይሄ አሞራ ጋሽ ጴጥሮስን አይመስልም?" አለች። ጋሽ ጴጥሮስ መነጽሩን አውጥቶ ብዙ ጊዜ አየውና፣ "አንገቱ ነው?" አለኝ። ምን ልበል? አንገቱ ነው። ሱፉም ሳይሆን አይቀርም። ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤ ቆሞ የነበረ ሰው ነው መሰለኝ። ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። እኔ ከስንት ጊዜ በኋላ ከሰው ጋር አብሬ ሳቅኩ።

ከሰዓት ሆነ። ልምምዱ አለቀ፣ ሬንደሩ አላለቀም። መዘምራኑ ቦርሳቸውን ማንሳት ሲጀምሩ ጋሽ ጴጥሮስ ወደ እኔ አየ። እኔ ደግሞ እንደ ውሻ ነበር የማየው፣ አልደብቃችሁም።

"እስቲ ከላይ አንድ ጊዜ እንጀምረው" አላቸው።

"ጋሼ፣ ጉሮሯችን አለቀ እኮ!"

"ያላለቀ ጉሮሮ ያለው ይዘምር።"

ለእኔ ብለው ዘመሩ። ጀነሬተሯ የምትነሳው ለልምምድ ብቻ ነው፣ ደንባቸው ነው። ስለዚህ እኔ መብራት እንዳገኝ ብለው በተቀደደ ድምፅ ዘመሩ። አንዴ፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። አቶ ቆሜ ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ደረሰ፦ ዓሣውን ይዞ ከውሃው ይወጣል፣ ፀሐይ መላጣው ላይ ታበራለች። ያቺን ፀሐይ ለመሥራት ስንት ቀን እንደፈጀብኝ!

"ስንት ቀረህ?" አለኝ ጋሽ ጴጥሮስ።

"አልቋል በሉት ጋሼ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ።"

"እንግዲህ እንጸልይለትና ሲያልቅለት ይሂድ። ና ወደ መሐል።"

አልፈልግም ማለት እችል ነበር? ቀኑን ሙሉ ዘምረውልኝ! ሄድኩ። ከበቡኝ። አንዱ ትከሻዬ ላይ፣ አንዷ ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። ጋሽ ጴጥሮስ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ሁሉም አነሱ። ዓይናችንን ጨፈንን። እኔም ጨፈንኩ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ነበር የጨፈንኩት።

"ጌታ ሆይ፣ የዚህን ልጅ የእጁን ሥራ ባርክ። የደከመበትን አታስቀርበት..."

ድንገት ጸጥ አለ። እንዴት ያለ ጸጥታ! ጆሮዬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የነበረው ጩኸት ሁሉ ሄደ። የጋሽ ጴጥሮስ ድምፅ ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደስ አለኝ እኮ! ሰውነቴን ሰላም ወረረው። እማዬ ሁልጊዜ የምትለው ነገር ይሄ ነው ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ ገባኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

የሆነው ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች ልምምድ የሚጨርሱት በጸሎት ነው። መዘምራኑ እጃቸውን ሲያነሱ ጋሽ ዱካሞ በበሩ ያይና ሄዶ ጀነሬተሯን ያጠፋታል፣ ጸሎቱ በጸጥታ እንዲሆን። ከስንት ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነው። ማንም አያዘውም፣ ማንም አያስታውሰውም። እጅ ተነሳ፣ ጠፋ። ለፊልሜ ሊጸልዩ ፊልሜን አጠፉት።

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፣ የማስታውሰውን ደግሞ እዚህ አልጽፈውም። ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ጋሽ ዱካሞ በጨርቅ እጁን እየጠረገ ነው።

"ምን አደረጉ? ለምን አጠፉት? ለምን?"

ሽማግሌው ደነገጠ። "ጸሎት ነው እኮ ልጄ። ጸሎት በጩኸት ይደረጋል እንዴ?"

ምን ትመልሳለህ? ንገሩኝ እስቲ፣ ምን ትመልሳለህ? በክፋት ያጠፋውን ሰው ብታገኝ ትጣላለህ። እዚህ ግን ሁሉም እየወደደኝ ነው የገደለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እንደገና ለማስነሳት ጊዜ የለም። ታምራት ብቻ ነው አእምሮው የሠራው። ድምፁን እንዲለማመድ ብዬ በቴሌግራም የላክሁለት ረቂቅ ስልኩ ላይ አለ፦ ቀለም የሌለው፣ ድምፅ የሌለው፣ ሁሉም ነገር ግራጫ የሆነ፣ እንቅስቃሴው ብቻ ያለበት። "እሱን እናሳይ። እኔ በማይክ አወራለታለሁ" አለ። ጋሽ ጴጥሮስ መጥቶ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠ፣ ኮምፒዩተሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

ሆቴሉ ስንደርስ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወይዘሮ ሂሩት ረቂቁን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድነው? አላለቀም እኮ።"

"መብራት ጠፍቶ ነው።"

"እኛ ጋ አልጠፋም።"

"እናንተማ ጀነሬተር አላችሁ። የእናንተን ደግሞ ለጸሎት የሚያጠፋው የለም!"

አልገባትም፣ ግን ልጆቹ መጮህ ስለጀመሩ ይጀመር አለች። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሐይቅ፣ ግራጫ ሰማይ፣ ግራጫ አሞራ ወጣ።

"ማሚ፣ ቲቪው ተበላሽቷል!" አለ አንዱ። ሳቁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ። ሁለት ሦስቱ ተነስተው ግቢው ውስጥ ያለው መዝለያ ፊኛ ጋ ሄዱ፣ እነሱን ያዩ ሌሎች ተከተሏቸው። ታምራት ማይኩን ይዞ በአቶ ቆሜ ድምፅ፣ "ኸረ ተቀመጡ፣ እኔም ከቆምኩ ስንት ዓመቴ ነው!" አለ። የቀሩት ዝም አሉ። ከዚያ ዓሣ ሻጩ አቶ ቆሜን የሚያባርርበት ቦታ ደረሰ። የዓሣ ሻጩን ድምፅ የሚሠራ ማንም የለም። ድንገት ከኋላዬ፣ በዚያ ስንት ሺህ ሰው ባዘመረ ጉሮሮ፣ "እሽ! ሂድ ከዚህ! መላጣ!" የሚል ድምፅ ሆቴሉን አናጋው። ጋሽ ጴጥሮስ ነው። በሱፉ ቆሞ፣ ራሱን የሚመስለውን አሞራ ያባርራል። ልጆቹ እየጮኹ ሳቁ።

ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወይዘሮ ሂሩት አጠፋችው። አቶ ቆሜ ዓሣውን አፉ ውስጥ እንኳ አላስገባም።

"ይቅርታ ኤፍሬም። ወላጆች ምን ሆኖ ነው እያሉ እየጠየቁኝ ነው። የተስማማነው ይሄን አልነበረም" አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ግን አጠፋችው፣ የሰው አገር ካርቱን ከፈተች፣ ወደ መዝለያው የሄዱት ሁሉ ተመለሱ። ከለር ነዋ።

ኮምፒዩተሩን ከባጃጁ አወረድኩና ወደ ሐይቁ ተሸክሜው ሄድኩ። ልወረውረው ነው። እውነተኞቹ አባ ኮዳዎች ዳር ላይ ቆመው ያዩኛል፣ አንጀት የምጥልላቸው መስሏቸው። ታምራት ከኋላዬ መጣ።

"ወርውረው። ግን ገመዱ የኔ ነው፣ እሱን ፍታልኝ።"

ጎንበስ ብዬ ገመዱን ለመፍታት ስታገል ክንዴ ዛለና ኮምፒዩተሩን መሬት አስቀመጥኩት። እዚያው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጋሽ ጴጥሮስም ሱፉን ሳይሳሳለት ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እጄን ሳነሳ ዱካሞ እንደሚያጠፋው አውቃለሁ" አለኝ። "እኔ ነኝ ያስለመድኩት። ለአንተ ስጸልይ ግን ሥራህ በምን እንደሚሠራ አላሰብኩም። ይቅር በለኝ ልጄ።"

ይቅር ብዬዎታለሁ አላልኩም። ከልቤ አልወጣማ።

ሰኞ ዳዊት መጣ። ጋሽ ጴጥሮስ ሊያነጋግረው በር ላይ ቀድሞ ቆሞ ነበር፣ አልሰማውም። ኮምፒዩተሩን ጫነው። እሱ ሳይደርስ ግን ዲስኩን በመፍቻ ፈትቼ ኪሴ ከትቼው ነበር። እኔን ሊጭን ሲል እማዬ፣ "ዕቃህን ወስደሃል፣ ይሄ ልጄ ነው" አለችውና በሩን ዘጋችው። እማዬ አኒሜሽን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባትም። በሩን ግን ዘጋችው።

እንግዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ሀብታም ሆንኩ እንድላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። የካርቱን ቤት የለኝም። ኮምፒዩተርም የለኝም። አሁን የምሠራው ቸርች ቢሮ ውስጥ ባለች፣ የመዝሙር ግጥም ግድግዳ ላይ በሚያወጡባት ማሽን ነው። ከእኔዋ የባሰች ኤሊ ናት፣ የማገኛትም በልምምድ ቀን ብቻ ነው። የዶሮ እግሩን አጠፋሁት። ረቂቁን ሁሉ አጠፋሁት። አሁን ምስሎቹን ለየብቻ ነው የማወጣው፣ በየልምምዱ ጥቂት ጥቂት። ፊልሙ እስከ ዛሬ አላለቀም። አቶ ቆሜ ውሃው መሐል ነው ያለው።

እኔ አንድ የገባኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ በዚህ አገር አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው የሚጠፋው በጠላት ብቻ አይደለም። "በርታ፣ ተባረክ፣ ጎበዝ" የሚሉህ ሰዎች ሶኬትህ የት እንደሆነ አያውቁም። ስለዚህ እናንተ እንደ እኔ የሆናችሁ፣ ጓሮ ክፍል ውስጥ ሰው የማያውቀውን ነገር የምትሠሩ፣ የሚወዳችሁን ሰው አምጡና ሶኬቱን አሳዩት። "ይቺ ከተነቀለች እኔ ሞትኩ" በሉት። አትፈሩ። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቁጭ ብዬ ለጋሽ ዱካሞ አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ...

ተዉት እሱን።

አሁን መዘምራኑ ልምምድ ሲጨርሱ ጀነሬተሯ አትጠፋም። ጋሽ ዱካሞ ራሱ ነው የከለከለው፤ አጠገቧ ይቆማል፣ ማንንም አያስጠጋም። ስለዚህ እሷ እየጮኸች እነሱ ከእሷ በላይ እየጮኹ ይጸልያሉ። ጎረቤት ተማሯል። ጋሽ ጴጥሮስ ደም ሥሩ እስኪገተር "የዚህን ልጅ የእጁን ሥራ ባርክ!" ይላል፣ ሁሉም እጃቸውን አንስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሜን ይላሉ።

እኔም መሐላቸው ቆሜ አሜን እላለሁ። ዓይኔን ግን አልጨፍንም። ሶኬቱ ላይ የተሰካውን ገመድ ነው የማየው።